አንድ ጥርስ

በግጥም ደብተሬ ላይ አንድ ክብ ብረት ተቀምጧል። ስፋቱ ከመዳፌ ያንሳል፤ ዙሪያውን ዐሥራ ስድስት ጥርሶች አሉት፤ መሐሉ ላይ ዘንግ የሚገባበት ቀዳዳ አለው። ቤቴ የሚመጡ ወዳጆቼ ወረቀት እንዳይበርር ያስቀመጥኩት ይመስላቸዋል። አልተሳሳቱም፤ ከሰዓት በኋላ ከሐዋሳ ሐይቅ የሚነሣው ነፋስ በመስኮቴ ሲገባ ያልጨረስኳቸውን ስንኞች የሚይዝልኝ እርሱ ነው። ነገር ግን ብረቱን የገዛሁት ለዚህ አልነበረም። የገዛሁት ፍጥነት ይሰጠኛል ብዬ ነበር።

አባቴ የሚኖሩት በሲዳማ ደጋ፣ ሀገረ ሰላም ነው። በወጣትነታቸው የሒሳብ መምህር ሆነው ተመደቡ፤ ጡረታ ሲወጡም እዚያው ቀሩ። እናቴ ካረፈች በኋላ «ሐዋሳ ይምጡ፤ ከእኛ ጋር ይኑሩ» ብዬ ደጋግሜ ለምኛቸዋለሁ። «ጭጋጉን ማን ይጠብቅልኛል?» ይሉኛል። ቀልድ ይመስላል፤ ሆኖም ጧት ጧት ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጭጋጉ ከእንሰቱ ቅጠል ላይ ተነሥቶ ወደ ቀርከሃው ሲሄድ እየተመለከቱ ላገኛቸው ሰው ቀልድ አይደለም።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሒሳቤን ዘግቼ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሞተር ሳይክሌን አስነሥቼ ወደ ደቡብ እወጣለሁ። መንገዱ ከመቶ ኪሎ ሜትር አይበልጥም። እስከ አፖስቶ መገንጠያ ያለው ብዙም አያስቸግርም። ከዚያ ወደ አለታ ወንዶ ሲታጠፍ ቡናው ይጀምራል፤ ከአለታ ወንዶ በኋላ ደግሞ መንገዱ ቀና ይላል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሀገረ ሰላም ከ2,700 ሜትር ትበልጣለች። እንግዲህ በአንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሺህ ሜትር ወጥቼ፣ አንድ ሺህ ሜትር ወርጄ እመለሳለሁ ማለት ነው። መመለስ አለብኝ። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ቅዳሜ የሌሊት ተራ ስላለባት ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት ደርሼ ልጃችንን እረከባለሁ። ስለዚህ ከመሄጃውና ከመመለሻው ተርፎ ከአባቴ ጋር የምቀመጥበት ጊዜ ሁለት ሰዓት ነው። ዝናብ ከዘነበ አንድ ሰዓት።

ሁለት ሰዓት ለሽማግሌ ምንም ማለት አይደለም። ሽማግሌ ወሬ የሚጀምረው እንግዳው ለመነሣት ጫማውን ሲያጠብቅ ነው።

ሞተር ሳይክሌ የህንድ ሥሪት፣ 150 ሲሲ፣ ባለ አምስት ማርሽ ነው። ከአፖስቶ ወዲህ ባለው መንገድ በአምስተኛ ማርሽ ስሄድ ሞተሩ ይጮሃል። የግራ እግሬ ስድስተኛ ማርሽ ያለ ይመስል ከፍ ብሎ ይፈልገዋል፤ ያጣዋል። «ይህ ጩኸት ወደ ፍጥነት ቢለወጥስ?» የሚል ሐሳብ የመጣብኝ እንዲህ ስፈልግና ሳጣ ነው።

መናኸሪያው አካባቢ አንድ አረጋዊ መካኒክ አሉ። ሐሳቤን ስነግራቸው መልስ አልሰጡኝም፤ መፍቻ አንሥተው የጎኑን ክዳን ፈቱና «ቁጠር» አሉኝ። ከሞተሩ በሚወጣው ዘንግ ላይ ያለው የፊት ጥርስ ዐሥራ አምስት ነበር። በካቴና የሚጎትተው የኋላው ጥርስ አርባ አራት። አርባ አራትን ለዐሥራ አምስት ስናካፍል 2.93 ይመጣል። የኋላው ጎማ አንድ ጊዜ እንዲዞር የፊቱ ዘንግ ሦስት ጊዜ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይዞራል ማለት ነው። የፊቱ ዐሥራ ስድስት ቢሆን ግን ስሌቱ 2.75 ይሆናል። ሞተሩ በዚያው ፍጥነት እየዞረ፣ ጎማው በመቶ ወደ ሰባት የሚጠጋ ይጨምራል። ሰማንያ የነበረው ሰማንያ አምስት፣ ዘጠና የነበረው ዘጠና ስድስት።

«የኋላውን ብንቀንስስ?» አልኳቸው፣ ነገሩ የገባኝ መስሎ።

«ፊት አንድ መጨመርና ከኋላ ሦስት መቀነስ አንድ ነው። የፊቱ ይረክሳል፤ ሥራውም ቀላል ነው።» ከዚያም እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቀና ብለው አዩኝ። «ለመሆኑ ምን ልትሸጥ ነው?»

«የምሸጠው የለኝም፤ ልገዛ ነው የመጣሁት።»

«ፍጥነት የሚገዛው ጉልበት ተሸጦ ነው። ጥርስ ሞተሩ ላይ ምንም አይጨምርም። ካለው ይመነዝርልሃል እንጂ።»

የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ የምንዛሪን ነገር ማንም እንዲያስተምረኝ አልፈልግም። በአንዱ ዓምድ ገቢ የሆነ ሁሉ በሌላው ዓምድ ወጪ ሆኖ እንደሚመዘገብ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እጄ ያውቀዋል። ሆኖም ሰው በሥራው ገበታ ላይ የሚያውቀውን በምኞቱ ገበታ ላይ ይረሳዋል። «ይግጠሙልኝ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ገጠሙልኝ። አዲሱ ጥርስ ሰፋ ስላለ ካቴናው እንዳይወጠር የኋላውን ጎማ በጥቂቱ ወደ ፊት ሳቡት፤ መሐሉን በጣታቸው ከፍ ዝቅ አድርገው ልቅነቱን ለኩ። የፊቱን አሮጌ ጥርስ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። «አትጣለው» አሉኝ።

በዚያ ቅዳሜ መንገድ ላይ ሳለሁ ያስታወስኩት የልጅነቴን ብስክሌት ነው። አባቴ ክፍልፋይን ያስተማሩኝ በሰሌዳ አይደለም፤ ብስክሌታቸውን ግቢ ውስጥ በኮርቻው አስቁመው ነው። «የፔዳሉን ጥርስ ቁጠር፤ የኋላውን ቁጠር፤ አካፍል» ይሉኝ ነበር። ያን ዕለት ስለ ጥንቱ ብስክሌትም ነግረውኛል። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት በአውሮፓ የነበረው ያ የፊቱ ጎማ ግዙፍ፣ የኋላው ትንሽ የሆነ ብስክሌት ፔዳሉ በቀጥታ ከፊቱ ጎማ ጋር የተያያዘ ነበር። በአንድ የፔዳል ዙር ጎማው የሚዞረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ መፍጠን የሚሻ ሰው ያለው አማራጭ ትልቅ ጎማ ማሠራት ነበር፤ የጎማው ትልቅነት ደግሞ በነጂው እግር ርዝመት ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ1885 እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ «ሮቨር» የተባለውን ብስክሌት ሠራ። ሁለቱ ጎማዎች ተቀራራቢ መጠን ነበራቸው፤ ፔዳሉ በካቴና ከኋላው ጎማ ጋር ተያያዘ፤ የጥርሶቹ ቁጥር ልዩነት የግዙፉን ጎማ ሥራ ተካው። አባቴ ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው ይበራ ነበር። «አየህ፣ እግሩ አጭር የሆነ ሰው ሁሉ በሒሳብ ነጻ ወጣ» ይሉ ነበር። እኔም አጭር ልጅ ነበርኩና ደስ ይለኝ ነበር።

እስከ አፖስቶ ያለው ጉዞ እውነትም ደስታ ነበር። ጩኸቱ ረገበ። የፍጥነት መለኪያዬ የሚነዳው ከፊቱ ጎማ ስለሆነ ጥርስ ቢቀየርም አይዋሽም፤ ሰማንያ አምስትን ያለ ጭንቀት አሳየኝ። ነገር ግን ነዳጅ መስጫውን እስከ ጥጉ ጠምዝዤ የመጨረሻውን ልይ ስል አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። ቀድሞ በለጥ ያለ መንገድ ዘጠና ሁለት ይደርስ የነበረው ሞተር ሳይክል በአምስተኛ ማርሽ ሰማንያ ዘጠኝ ላይ ቆመ። ወደ አራተኛ ብመልሰው ግን ከዚያ አለፈ። ቁልቁለት ወይም ከኋላ የሚገፋ ነፋስ ሲያገኝ ብቻ አምስተኛው ከቀድሞው በለጠ።

ምክንያቱን በኋላ አሰላሁት። አየር ፍጥነትን የሚቃወመው በእኩል ደረጃ አይደለም። አየሩን ለመግፋት የሚያስፈልገው የሞተር አቅም ፍጥነቱ በራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ በሚያድገው ልክ ያድጋል። ከዘጠና ወደ ዘጠና ስድስት ለመድረስ የፍጥነቱ ጭማሪ በመቶ ሰባት ያህል ነው፤ ለአየሩ የሚከፈለው ግን በመቶ ሃያ አንድ ይጨምራል። ሞተሬ ያን ያህል ትርፍ የለውም። ጥርሱ ጎማውን የበለጠ እንዲዞር ፈቀደለት፤ ሞተሩ ግን የተፈቀደለትን ያህል መሄድ ተሳነው። ሙሉ አቅሙን ወደሚያወጣበት ዙር ሳይደርስ ቀረ። ለመቆሚያውም ነገር ማሰብ ይገባኝ ነበር። ፍጥነት በመቶ ሰባት ሲጨምር ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚኬደው ርቀት በመቶ ዐሥራ አራት ያህል ይረዝማል። በዚያ መንገድ ላይ ከብትና ሕፃን ያለ ማስጠንቀቂያ ይሻገራሉ።

ከአለታ ወንዶ በኋላ አምስተኛ ማርሽ ከነጭራሹ ጠፋ። ቀድሞ በአራተኛ እወጣው የነበረውን አቀበት በሦስተኛ ወጣሁት፤ በሦስተኛ የምወጣውን በሁለተኛ። ከፍታውም የራሱን ድርሻ ወሰደ። በሐዋሳ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ወለል ካለው በመቶ ሰማንያ ሁለት ያህል ግፊት አለው፤ በሀገረ ሰላም ከፍታ ወደ ሰባ ሦስት ይወርዳል። አየር ሲሳሳ ሞተርም ይሳሳል። ጭጋጉ ውስጥ ስገባ ሰዓቴን ተመለከትኩ። ስምንት ሰዓት ተኩል ከአምስት። ከወትሮው አምስት ደቂቃ ዘግይቼ ነበር።

በዚያ ቀን አባቴ የደም ግፊታቸውን የሚለኩበት ቀን ነበር። ክሊኒኩ ከቤታቸው አንድ ኪሎ ሜትር አይርቅም፤ ግን መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ኮረኮንች የበዛበት አቀበት ነው። ሁልጊዜ ከኋላዬ አስቀምጬ አወጣቸዋለሁ። ካፖርታቸውን ሰብስበው ተቀመጡ፤ ወገቤን ያዙ። መሐል መንገድ ላይ ከብት ተሻገረና ቆምኩ። እንደገና ለመነሣት ስሞክር ሞተሩ ጠፋ። አስነሥቼ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅኩ፤ ተንቀጠቀጠና ጠፋ። በሦስተኛው ነዳጁን አብዝቼ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዤ ስገፋ ጥቂት ሜትር ሄደና ያ የታወቀው የቃጠሎ ሽታ ወጣ። ጥርሱ አምስተኛ ማርሽን ብቻ አላረዘመም፤ አንደኛውንም አርዝሞታል። ለአንድ ሰው የበቃው ጉልበት ለሁለት ሰው፣ በዚያ ከፍታ፣ በዚያ አቀበት ላይ በመቶ ስድስት ሲጎድል በቃኝ አለ።

አባቴ ምንም ሳይሉ ወረዱ። ሞተር ሳይክሉን ከአንድ አጥር ሥር አስጠግቼ ክንዳቸውን ያዝኩ። በእግር ወጣን። በየሃያ እርምጃው ቆም እያልን፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ እየጠበቅን። ከዚያ በፊት ክንዳቸውን መቼ እንደያዝኩ አላስታውስም። ከካፖርታቸው በታች ያለው ክንድ እንዲያ መቅጠኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። በሁለት ዓመት ቅዳሜዎች ውስጥ ከኋላዬ ነበሩና አላየሁትም።

«ምን ሆነብህ ሞተሩ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ዐሥራ አምስቱን፣ ዐሥራ ስድስቱን፣ አርባ አራቱን። የድሮው መምህር ነቁ። «ለምን ቀየርከው?»

«ቶሎ ለመድረስ ነው፣ አባባ።»

«ቶሎ ለመድረስ ለምን?»

«ከእርስዎ ጋር ጥቂት ለመቆየት።»

ቆሙ። ትንፋሽ ለመውሰድ መስሎኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን እያሰሉ ነበር። «መፍጠን የምትችለው እስከ አፖስቶ ነው፤ አርባ ኪሎ ሜትር ብለን እንያዘው። በሰማንያ ስትሄድ ሠላሳ ደቂቃ። በሰማንያ አምስት...» ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «ሃያ ስምንት። ያተረፍከው ሁለት ደቂቃ ነው፤ እርሱንም አቀበቱ ወስዶብሃል።»

እኔ የገንዘብ ሰው ነኝ፤ በመቶኛው ተማርኬ ደቂቃውን አላሰላሁትም ነበር። በመቶ ሰባት ሲባል ትልቅ ይመስላል። ሁለት ደቂቃ ሲባል ሁለት ደቂቃ ነው።

እንደገና መራመድ ጀመርን። ከጥቂት እርምጃ በኋላ በዝግታ እንዲህ አሉኝ። «ቤቴ ገብተህ ከተቀመጥክ በኋላስ ሰዓትህን ስንት ጊዜ እንደምታይ ቆጥረህ ታውቃለህ? እኔ ቆጥሬያለሁ።»

ስንት እንደሆነ አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኩም። የእጅ ሰዓቴን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። ይህን ያደረግኩት በድፍረት ሳይሆን እንዳያዩኝ ፊቴን አዙሬ ነው፤ ሆኖም እንዳዩኝ አውቃለሁ።

ያን ቀን ወደ ቤቴ የደረስኩት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፎ ነው። ባለቤቴ ልጁን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ወደ ሥራዋ ሄዳ ነበር። በማግስቱ ጧት ከእንቅልፍ አልባ ሌሊት ስትመለስ ይቅርታ ጠየቅኳትና የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ የክንዳቸውንም ነገር። ዝም ብላ ሰማችኝ። «በወር አንዴ የቅዳሜ ተራዬን ከጓደኛዬ ጋር እለዋወጣለሁ፤ አንተ እዚያ ታድራለህ» አለችኝ። «እስከ ዛሬ ለምን አልጠየቅከኝም?»

ለምን አልጠየቅኳትም? እስከ አሁን መልስ የለኝም። ከብረት ሁለት ደቂቃ ለማውጣት ገንዘቤን ከፈልኩ፤ አንድ ሙሉ ሌሊት ግን በአንድ ጥያቄ ይገኝ ነበር። ሰውን ከመለመን ዕቃን መለወጥ የሚቀለን ሳይሆን አይቀርም። ዕቃ «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» ብሎ አይጠይቅምና።

ሰኞ ከሥራ ስወጣ ወደ መካኒኩ ሄድኩ። የተቃጠለውን ሽታ ሳልነግራቸው አወቁት። አሮጌውን ዐሥራ አምስት ጥርስ ከወረቀቱ አውጥቼ ሰጠኋቸው። አዩትና «መንገድህ ወዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በመጀመሪያው ቀን ይህን አልጠየቁኝም ነበር፤ እኔም አልተናገርኩም። «ሀገረ ሰላም» አልኳቸው። «ብቻህን?» «እዚያ ስደርስ አባቴን እጭናለሁ።»

ዐሥራ አምስቱን አስቀምጠው ከሳጥናቸው ሌላ አወጡ። ዐሥራ አራት ጥርስ። «ካቴናው ጠበብ ባለ ክብ ላይ ስለሚታጠፍ ቶሎ ሊያልቅብህ ይችላል፤ ዘይት አትንፈገው። ሜዳ ላይ ይጮህብሃል፤ ቻለው። አቀበት ላይ ግን አታፍርም።» ቀድሞ ዘጠና የነበረው አሁን በዚያው የሞተር ዙር ሰማንያ አራት ነው። መኪኖች ያልፉኛል። ከአለታ ወንዶ በላይ ግን ማርሹ ሳይደነግጥ ይወጣል፤ አባቴን ከኋላ አስቀምጬ ከዚያች ከብት ከተሻገረችበት ቦታ ላይ ቆሜ ስነሣ ሞተሩ አይጠፋም። ሆን ብዬ ቆሜ ሞክሬዋለሁ።

የጥርሱን ነገር ለአባቴ ስነግራቸው «አርባ አራት ለዐሥራ አራት?» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወዲያው ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «ለሁለት አቃልለው!» አሉኝ። አቃለልኩት። ሃያ ሁለት ለሰባት። ለሠላሳ ዓመት ያህል በሰሌዳ ላይ ሲጽፉት የኖሩት የክብ ዙሪያ ቁጥር፣ ሦስት ነጥብ አንድ አራት፣ በሞተር ሳይክሌ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ አገኙት። «ይኸው፣ ትክክለኛውን ጥርስ አገኘህ» አሉ። ስሌቱ በአጋጣሚ እንደገጠመ እርሳቸውም ያውቃሉ። ግን ደስታቸውን በአጋጣሚነቱ አልቀነሱትም።

ያን ሌሊት እዚያ አደርኩ። ምድጃው ዳር ተቀምጠን፣ በልቤ ይዣት የቆየሁትን ሁለት ስንኝ አነበብኩላቸው።

ጥርስ ጨመርኩልህ፣ ሩጥ ብዬ ፈረሴ፤
አቀበት ላይ ቆመህ፣ ነከስከኝ በጥርሴ።

እንደ ተማሪ ደብተር አዳመጡት። «ጥሩ ነው» አሉ። «ጥርሱ የፈረሱ ሳይሆን ያንተ መሆኑን ራስህ ጽፈኸዋል፤ ይህን አትርሳ።» ከዚያ ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሱትና ስለ እናቴ፣ ሰምቼው ስለማላውቅ አንድ ነገር መናገር ጀመሩ። ያ ወሬ የእኔና የእርሳቸው ነው፤ እዚህ አልጽፈውም። ሲጀምሩ ሌሊቱ ስንት ሰዓት እንደነበር ግን አላውቅም። ሰዓቴ ኪሴ ውስጥ ነበር።